ሦስተኛው ብልቃጥ

አቃቂ፣ ሰኔ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ቀለል አለሽ ወይ? የናዝሬት ሙቀት እንዴት አደረጋችሁ? ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? ልጅሽ ትንሹ ኦልጅራስ እንዴት ነው? ትኩሳት ብጤ፣ ራስ ምታት ብጤ ነክቶታል ወይ? ይህን የመጨረሻውን ለወጉ ያህል የጠየቅኩሽ አይደለም፤ ስትመልሺልኝ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ጻፊልኝ።

እኔን የጠየቅሽኝ እንደሆነ፣ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ድሮ ደብዳቤ ስንጽፍልሽ ወንድሜ ቀናው ትከሻዬ ላይ ተደግፎ «ፕሮፌሰር፣ ከናፍቆትሽ በቀር የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፈው፤ ሁለት ሰዎች ነን» ይለኝ ነበር። አሁን ትከሻዬ ቀሎኛል። ሁላችንም እንደምታውቂን ነን። እናቴ ፋብሪካ ትገባለች፣ ትወጣለች። አባቴ የባቡር ጣቢያው ስልክ ላይ ነው። የቀናው ደብተሮች ከአልጋው በላይ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ማንም አላነሳቸውም። የጂኦግራፊው ሽፋን ላይ የሣላት ባቡር ፉርጎዎቿ አላልቅ ብለውት ወደ ጀርባው ዞረዋል።

አክስቴ፣ ይህን ደብዳቤ «አንቱ» ብዬ ልጀምርልሽ ፈልጌ ነበር። ሁለት መስመር ከጻፍኩ በኋላ ለማላውቃት ሴት የምጽፍ መሰለኝና ቀደድኩት። አንቺ እያልኩ ልቆጣሽ እንጂ አንቱ ብዬ ልርቅሽ አልሆነልኝም። ቁጣዬ ግን ከባድ ነው፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ያን ቀን ላስታውስሽ። ረስተሽዋል ብዬ አይደለም። ከእኔ አፍ ሰምተሽው ስለማታውቂ ነው።

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በባቡር መጥተሽ እኛ ዘንድ ሰንብተሽ ነበር። ቀናው ከትምህርት ቤት በእኩለ ቀን እየተንቀጠቀጠ ገባ። አስተኛሽው፤ ጨርቅ እየነከርሽ ግንባሩ ላይ አደረግሽለት። እሱ እንደ ልማዱ አላረፈም። «ባቡር በጭንቅላቴ ላይ እያለፈ ነው፤ ፉርጎውን ልቁጠረው ብል አያልቅም» አለን። አንቺም «ዝም ብለህ ተኛ፣ ትኬት አልቆረጥክ» አልሽው። ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን አሞትና አቋረጠው።

ከዚያ እግሩን ላሽለት ብዬ ጋቢውን ገለጥኩ። ቅልጥሙ ላይ ነጥቦች አየሁ። ቀይ አልነበሩም፤ ብዕር የተንጠባጠበበት ይመስል ወይን ጠጅ ነበሩ። በጣቴ ስጫናቸው አይጠፉም። ጠራሁሽ። መጣሽና አየሽ። አክስቴ፣ ቶሎ ዞር አላልሽም። በጣም ቆየሽ። ፊትሽ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን ያኔ አላወቅኩበትም። ከዚያ ጋቢውን መለስሽና «ቁንጫ ነው» አልሽኝ። «የእናትህ ቤት ቁንጫ አለው ብለህ ሰፈር እንዳታወራ» አልሽ ደግሞ። ማንም አልሳቀም።

ወደ አባቴ ልሩጥ አልኩሽ። የዕቃው ባቡር ወደ ለገሃር ሊያልፍ ደርሷል፤ አባቴ ካዘዘ ይቆማል፤ ቀናውን እናሳፍረዋለን አልኩሽ። እጅጌዬን ያዝሽኝ። «አባትህን ከሥራ አትጥራው። ለቁንጫ ባቡር አይቆምም። እናትህ ትምጣ» አልሽኝ። አንቺ ታላቄ ነሽ፤ ያዘልሽኝ ነሽ፤ ተቀመጥኩ። ባቡሩ ከቤታችን ጀርባ እየጮኸ አለፈ። ያን ድምፅ በሕይወቴ ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ግን ረዝሞብኝ አያውቅም።

እናቴ ከፋብሪካ ስትመለስ ቀናው አላወቃትም። ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን አይተነዋል፤ የምነግርሽ የለኝም። ሆስፒታል ሲደርስ ነጥቦቹ ሆዱ ላይ ወጥተው ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ አለቀ። ማጅራት ገትር ነው ተባልን።

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ልጄ፣ ስልኩ እኮ በእኔ እጅ ነበር። ባቡሩም በእኔ እጅ ነበር። ለምን አልጠራኸኝም?» አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንቺ ከጎኑ ነበርሽ። ቀና ብዬ አየሁሽ። «እኔ ነኝ የከለከልኩት» የምትል አንዲት ቃል ጠበቅኩ። የነጠላሽን ጥለት ስታስተካክዪ ቆየሽና ለጎረቤቷ «ውሃ ታቀብዪኛለሽ?» አልሻት።

አባቴ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ነገር ግን ሥራ ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ይቆምና «የምትፈልገኝ ነገር ካለ ና፤ ምንም ቢሆን ና» ይለኛል። በየቀኑ። ከደግነቱ የተነሣ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን በየቀኑ ወንድምህን ለምን ገደልከው የተባልኩ ያህል እሰማዋለሁ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ያኔ ገና አልተቀየምኩሽም ነበር። ነጥቡን አላወቀችውም፤ ደነገጠች፤ አፈረች ብዬ ነበር። አለማወቅ ክህደት አይደለም።

አሁን ወደ ሌላው ልግባ።

ከአርባው በኋላ ቀናውን ያከመው ሐኪም፣ ዶክተር ገብረጻድቅ፣ በጣቢያው ስልክ መልእክት ላኩብን። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሰውዬ ናቸው፤ ታስታውሻቸዋለሽ። እኔና እናቴ ሄድን። በዚህ ዓመት በከተማው ወረርሽኝ የለም፤ አንድ ጤነኛ ልጅ ብቻውን ተይዞ በአንድ ቀን መሄዱ ዕረፍት ነሣኝ አሉን። ከእናቴም ከእኔም ደም ቀዱ፤ ወደ ክፍላቸውም ይዘውን ገቡ። ከጓሮ ጥንቸሎች አሏቸው። ቀናው ቢኖር ለእያንዳንዳቸው ስም ሳያወጣ ከዚያ ግቢ አይወጣም ነበር።

ዶክተሩ አሥራ አንደኛ ክፍል መሆኔን ሲሰሙ ሰውነት በሽታን በምን ይከላከላል ብለው ጠየቁኝ። ነጭ የደም ሴል ወታደር ነው ብለው አስተምረውናል አልኳቸው። «ከወታደሩ በፊት የሚደርስ አለ» አሉኝና ያስረዱኝ ጀመር። አንቺ «በደብዳቤ ታስተምረኛለህ እንዴ» እንደምትይ አውቃለሁ። አትዝለዪው። ቀናው የሞተው በዚህ ነው፤ የምለምንሽም በዚህ ምክንያት ነው።

በደማችን ውስጥ በማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ ፕሮቲኖች ይዞራሉ። አብዛኞቹን የሚሠራቸው ጉበት ነው። ተኝተው ነው የሚዞሩት። ሐኪሞች ኮምፕልመንት ይሏቸዋል፤ ማሟያ እንደ ማለት ነው፤ ድሮ ሲያገኟቸው የሌላ ነገር ረዳት ብቻ መስለዋቸው ነበር አሉ። አንዱ ሲነቃ ቀጣዩን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ይነቃና የሚከተለውን ይቀሰቅሳል። እኔም እንደ ጣቢያ ስልክ ነው ወይ አልኳቸው። አቃቂ ለዱከም ደውሎ መልስ ሳያገኝ ባቡር አይለቅም፤ ዱከምም እንደዚሁ፤ እየተቀባበሉ እስከ ናዝሬት፣ እስከ ድሬዳዋ ይደርሳል አልኳቸው። ዶክተሩ ሳቁና «ይህችን ለተማሪዎቼ እሰርቅብሃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ግን ልዩነቱ ይሄ ነው አሉ፤ ጣቢያ አንዱ ለአንዱ ብቻ ይደውላል፤ እነዚህ አንዱ መቶውን፣ መቶው ሺውን ነው የሚቀሰቅሱት።

ከመካከላቸው ሦስተኛ የሚሉት ማንም ሳያዘው በጥቂት በጥቂቱ እየነቃ ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። የራሳችን ሴል ላይ ቢለጠፍ ሴሉ ያራግፈዋል። ጀርም ግን ማራገፍ አይሆንለትም። የተለጠፈበት ቦታ ላይ መቁረጫ ይሠራል፤ መቁረጫው ሌሎች ሦስተኛዎችን እየቆረጠ ይለጥፍበታል፤ ጀርሙ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከራስ እስከ እግሩ ይለብሳል። ነጭ የደም ሴል ራቁቱን ያለ ጀርም ያዳልጠዋል፤ የለበሰውን ግን አንቆ ይውጠዋል። ከተቆረጡት ደግሞ ፍርፋሪው በደም እየሄደ ወታደሮቹን ና ይላቸዋል። የመጨረሻዎቹ ፕሮቲኖች ክብ ሠርተው የጀርሙን ቆዳ ይበሱታል። ውሃ ይገባበታል፤ ያብጣል፤ ይፈነዳል። የማጅራት ገትር ጀርም ከሁሉ የሚፈራው ይህን ቀዳዳ ነው።

ነገር ግን መቁረጫው ብቻውን አይጸናም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈራርሳል። አጥብቆ የሚይዘው ሌላ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ፕሮፐርዲን ይባላል። እኔ በልቤ ሐዲዱን ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀውን ብሎን አሰብኩ። ብሎኑ ከሌለ ሐዲድ አለ፣ እንጨት አለ፣ ባቡርም አለ፤ መንገድ ግን የለም። ብሎኑ የሌለው ልጅ እንደ ማንኛችንም ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ባቡር ይሥላል። ጉንፋን ቢይዘው ይድናል። ይህ ጀርም የገባ ቀን ግን ሌላው ሰው በሰዓታት ለሚመክተው እሱ በሰዓታት ውስጥ ይሸነፍለታል።

ከዚያ ብልቃጦቹን አሳዩን። በሦስት ትንንሽ ብልቃጥ ውስጥ የጥንቸል ቀይ የደም ሴል አደረጉ። የጥንቸል ሴል የሰው ኮምፕልመንት ሲነካው እንደ ጀርም ተቆጥሮ ይፈነዳል፤ ከፈነዳ ብጥብጡ ጠርቶ ቀይ ሻይ ይመስላል። በአንደኛው ብልቃጥ የራሳቸውን የደም ውሃ ጨመሩ። በሁለተኛው የእናቴን። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁመው ጠበቅን። የእሳቸው ጠርቶ ቀላ። የእናቴም ትንሽ ዘግይቶ ቀላ። ሦስተኛው አልቀላም። ሴሎቹ እንደ አተላ ከታች ረግተው ከላይ ያለው እንደ ውሃ ጠራ። ዶክተሩ ብልቃጡን ነቀነቁት፤ መልሰው አቆሙት፤ ደግሞ ጠበቁ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ብስኩት አውጥተው ሰጡኝ።

ሦስተኛው የማን እንደሆነ አልጽፍልሽም።

ይህ ጉድለት በእናት በኩል ነው የሚመጣው አሉን። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም ስላላት አንዱ ቢበላሽ በሌላው ትኖራለች፤ ሳትታመም ለልጆቿ ታሳልፋለች። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ይህን ብለው እናቴን «እርስዎ ወንድሞች ነበሩዎት?» ብለው ጠየቋት። እናቴ «እናታችን ወንድ አልወለደችም፤ ሁለት ሴቶች ነን» አለች። «እኅትዎ ወንድ ልጅ አላት?» አሏት። እናቴ እኔን አየችኝ። «የላትም» አለች።

አክስቴ፣ እናቴ ልጅሽን ካደችው። በዓምናው ፋሲካ በጭኗ አስቀምጣ ቀይ ወጥ ያጎረሰችውን ልጅ የለም አለች። እኔም ብስኩቱን እንደያዝኩ አላረምኳትም።

ወንድም የለንም የሚለው ግን አላስተኛኝም። ምክንያቱም ስም ሰምቻለሁ። በቀናው ቀብር ላይ ከትውልድ መንደራችሁ ከኮዬ ፈጬ የመጡት አሮጊት፣ እማማ ዳሲቱ፣ ሬሳ ሳጥኑን እየነኩ ሲያለቅሱ እንደ አገራቸው ወግ ቀድሞ ለሞቱት መልእክት ይልኩ ነበር። «ቀናው፣ ስትደርስ ለአያና ንገረው፤ ለኩምሳም ንገረው፤ ትንሹም ተከተላችሁ በላቸው» አሉ። አንቺ ከመቅጽበት ተነሥተሽ አቀፍሻቸው፤ ፊታቸውን ደረትሽ ላይ ደበቅሽው። ሰው ሁሉ የምታጽናኚያቸው መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ በእግሬ ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። እማማ ዳሲቱ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ «የባቡር ሠፈር ልጅ፣ ያለ እናትህ መንገዱን አወቅኸው? ወይስ ሐዲዱን እዚህ ድረስ ዘረጉልህ?» ብለው ቀለዱብኝ። አያናና ኩምሳ እነማን ናቸው አልኳቸው። ሰፌዱን አስቀመጡ። ማን ነገረህ አሉኝ። እርስዎ ነዎት፤ ቀብር ላይ አልኳቸው። «እኔ ለሙታን ነው የተናገርኩት፤ ላንተ አይደለም» አሉኝ።

ቢሆንም ነገሩኝ። አያና በአሥራ አምስት ዓመቱ ሲያርስ ውሎ አመሻሽ ላይ ተኛ፤ በማግስቱ ተቀበረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኩምሳ። ሁለቱም በበጋ፣ ሁለቱም አንገታቸው ደርቆ፣ ሁለቱም ሰውነታቸው ላይ ወይን ጠጅ ነጥብ ወጥቶ። ከቤቱ ኋላ ወይራው ሥር ያሉትን ሁለት የድንጋይ ክምሮች አሳዩኝ። አወቅኳቸው። እኔና ቀናው ልጆች ሆነን ከአንዱ ወደ አንዱ ስንዘል አንቺ በቅጠል እየገረፍሽ ያባረርሽን እነሱ ናቸው። እባብ አለበት ብለሽን ነበር።

አያቴ ሁለታችሁን ሳሪስ አቦ ወስዳ ወንድም ነበረን እንዳትሉ አስማለቻችሁ አሉ። ሁለት ወንድ የቀበረ ቤት ሴት ልጁን ማን ይወስድለታል? ማሕፀናቸው ወንድ አያበረክትም ይባላሉ፤ ባል ቢያገኙም ወንድ ልጅ የታመመ ቀን ይባረራሉ ብላ። ከዚያ ይዛችሁ አቃቂ ገባች፤ ከባቡር ጋር ከየአገሩ የመጣ ሰው የማንንም ዘር አይጠይቅምና። እናንተም ወንድም እንዳልነበራችሁ አደጋችሁ። እንደዚያው አገባችሁ። እንደዚያው ወለዳችሁን።

ስለዚህ አንቺ ያን ነጥብ ታውቂው ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው። ጋቢውን ስትመልሺ የመለስሽው እያወቅሽ ነው። እኔ የመጣውን ባቡር አይቼ ልጮህ ስል አፌን የያዘችኝ፣ ከሁላችንም በፊት ያየችው ሴት ናት። ዱከም ስልኩን አንሥቶ ዝም ቢል አባቴ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ባቡር ሲገለበጥ ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም ይላል። እያወቀ ያልተናገረው ጣቢያ ነው ይላል። አባቴ ይህን ሲናገር ስንት ጊዜ አብረሽን በልተሻል።

እማማ ዳሲቱ ሊሸኙኝ ሲነሡ ግን ሌላም ነገር ነገሩኝ። ባልሰማው ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣዬን በሙሉ ልቤ እንዳልቆጣ አደረገኝ። ኩምሳ ሲታመም ስታራግቢለት የነበርሽው አንቺ ነሽ አሉ። ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ነጥቡን አይተሽ «እማዬ፣ እንደ አያና ሆነ» ብለሽ ስትጮኺ አያቴ በጥፊ መታችሽ፤ ክፉ ነገር በስሙ ከጠሩት ይመጣል ብላ። ልጁም ሞተ። ከዚያ በኋላ የጠራሁት እኔ ነኝ እያልሽ ብዙ ጊዜ አልበላም ብለሽ ነበር አሉኝ።

ስለዚህ ቀናው ላይ ቁንጫ ብለሽ የጠራሽው ቁንጫ እንዲሆን ነው። ገብቶኛል። ነጥቡን ስታዪ ያየሽው ቀናውን ብቻ አልነበረም፤ ናዝሬት ለአማትሽ ትተሽው የመጣሽውን ልጅም ነው። እሱም ገብቶኛል። መረዳት ግን ይቅር ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ገና አልሆነልኝም። አንቺ ስላልተናገርሽ ነው የመጣው አክስቴ፤ ስለጠራሽው አይደለም። ያኔም የመጣው ስለጠራሽው አልነበረም። በጥፊ የተመታሽው በከንቱ ነው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ብቻዬን ወደ ዶክተሩ ተመለስኩ። አያናን፣ ኩምሳን፣ ኦልጅራን ነገርኳቸው። እኔ አልማልኩም። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። እናቴን አልሰደቡም። ከዚያ መድኃኒት አለው አሉኝ። ብሎኑን መልሶ መሥራት አይቻልም። ነገር ግን ኮምፕልመንትን የሚቀሰቅስ ሁለተኛ መንገድ አለ፤ ሰውነት ጀርሙን አስቀድሞ ካወቀው የሚያበጀው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ክትባቱ ጀርሙን ከሰውነት ጋር አስቀድሞ ያስተዋውቃል። ፀረ እንግዳ አካሉ ጀርሙ ላይ ሲቀመጥ ፕሮቲኖቹን በሌላ በር ይቀሰቅሳቸዋል፤ ያዡ ባይኖርም መጨረሻ ላይ ቀዳዳው ይበሳል። ዶክተሩ በቀላሉ ሲያስረዱኝ ስሙን ያስታወሰ ሰውነት ይድናል አሉኝ። እኔም በዚያ ቤት ስማቸው ስላልተጠራ ሁለት ልጆች አሰብኩ፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

ግራ ክንዴ ላይ ወጉኝ። እስካሁን አብጧል። ትኩሳት የተሰማኝ ቀን ማንንም ሳላስፈቅድ እንድሮጥ አስጠንቅቀውኛል። አሁን ወደ አባቴ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ በጨለማም አውቀዋለሁ።

ለኦልጅራም አስቀምጠውለታል። ደሙን ያዩታል፤ ጉድለቱ ላይኖርበትም ይችላል፤ የመኖሩ ዕድል ከአራት አንድ ነው አሉ። ይኑርበት አይኑርበት ክትባቱ አይጎዳውም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይጠብቁሻል። የጠዋቱን ባቡር ከያዝሽ ትደርሻለሽ። ለባልሽ ምን እንደምትይ አላውቅም፤ የታመመ እኅቴን ልጠይቅ በያቸው ብዬ እንዳልመክርሽ ውሸት ሰልችቶኛል። የምለምንሽ ልጁን እንድታመጪው ብቻ ነው። ለእኔ ስትይ አይደለም፤ ለቀናውም አይደለም። በሁለተኛ ማዕረግ ከሄድሽ በመስኮቱ በኩል አስቀምጪው፤ ፉርጎ መቁጠር ይወዳል፤ ቀናው ነው ያስለመደው።

ከባቡር ስትወርጂ መጀመሪያ የምታገኚው አባቴን ነው። ቅዳሜ ተረኛ እሱ ነው። ባቡሩ ሲገባ መድረኩ ላይ ይቆማል። ምን እንደምትይው አልነግርሽም። በሩ ላይ ቆሞ በየቀኑ የሚለኝን ነግሬሻለሁ፤ ያ ይበቃል።

ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አላሳየኋትም፤ ለማን እንደምጽፍም አልነገርኳትም። ስጽፍ ስትገባ ስትወጣ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየኋትም። አሁን ልጨርስ ስል ወጥ ቤት ደርሼ ተመለስኩና ወረቀቱ አጠገብ ፖስታ ተቀምጦ አገኘሁ። ቴምብሩ ተለጥፏል፤ አድራሻሽም ተጽፎበታል። አክስቴ፣ እስኪ ፖስታውን መልሰሽ እዪው። የእኔ ጽሕፈት አይደለም። መስመሩ ወደ ላይ የሚያዘነብለው፣ ፊደሎቹ ትልልቅ የሆኑት፣ በመሠረተ ትምህርት የተማረ ሰው የጻፈው ነው። ከአንቺ ስም በታች ደግሞ፣ በዚህ አገር ፖስታ ላይ የማይጻፍ፣ የልጅሽ ስም ተጽፏል።

ለባለቤትሽና ለአማትሽ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኦልጅራን ጉንጩን ሳሚልኝ። የማልሽባቸው አቦ በስማቸው ይፍቱሽ። የሄዱትን ነፍሳቸውን ይማር፤ በስማቸው እየጠራሁ ነው የምልሽ፤ አያናን፣ ኩምሳን፣ ቀናውን። የቀረነውን ደግሞ ይጠብቀን።

ቅዳሜ ጠዋት መድረኩ ላይ ከአባቱ ጎን የሚጠብቅሽ፣

ያዘልሽው የእኅትሽ ልጅ